በቅጹ ኅዳግ

እንደለመድኩት፣ በእናቴ አፍ፣
እጄ ገና ሳይደርቅ
«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኳት።
ደቃ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።
ቬንትሌተሩ ብቻ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል።

ድሬ በሰኔ ሌሊትም አታርፍ።
ከሽንሌ በባጃጅ መጣች፣ ምጧ እያፋፋማት፤
ተንበርክኬ ልውለድ አለች መሰለኝ፣ ወለሉን አሳየችኝ፤
እኔ አልጋውን አሳየኋት።
መብራቱ ዓይኗ ላይ፣ እግሯ ብረቱ ላይ፤
ተለማማጁ ልጅ ሳያንኳኳ ሲገባ
ሻሿን ጎትታ ፊቷን ሸፈነች፣
ከዚያ ወዲያ ድምፅ አልወጣት።
«ቻይ ናት» ብዬ አደነቅኳት።

በር ላይ አማቷ ኢብላ
ፔርሙዝ ሙሉ የማሽላ አጥሚት ታቅፋ፣
«አቦ፣ ሰዓት አልፏል!» ይላታል ዘበኛው፣
አጥሚቱ እስኪበርድ፣ ጎህ እስኪሰፋ።

በማግስቱ ቅጹን ይዤ ቀረብኩ። አሥር ጥያቄ።
ታለቅሻለሽ ወይ? ትፈሪያለሽ ወይ? እንቅልፍስ?
የባሏ ታናሽ ወንድም፣ የስምንተኛ ክፍል ልጅ፣
መሬት መሬት እያየ አስተረጎመ፤
እሷም ለአሥሩም «አልሐምዱሊላህ»።
አሥር ጊዜ ዜሮ ጻፍኩ። ድምሩም ዜሮ።
ምስጋናን ከጤና፣ ዝምታን ከሰላም
ለይቶ የሚጽፍ እስክሪብቶ የት አገር ተሠርቶ!

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ኢብላ ሕፃኑን ብቻ ይዛ መጣች።
«ጡቷ ደረቀ። ግድግዳ ታያለች።»
የነገረችኝ ጽዳት የምትሠራው ሂቦ ናት፣
መጥረጊያዋን እንደተደገፈች፤
ስድስት ዓመት አንድ ኮሪደር ስንጋራ
ቋንቋ እንዳላት ጠይቄያት አላውቅም።

አብረን ሄድን። ጫማዬን አወለቅኩ።
ሴቶቹ ከበዋት ለፋጡማ ያዜማሉ፣
ከበሮው በመዳፍ፣ ቀስ ብሎ፤
አይዞሽ የሚል የለ፣ በርቺ የሚል የለ፣
አጠገቧ መቀመጥ ብቻ።
ቦርሳዬን ልከፍት ስል ሂቦ እጄን ያዘችኝ፤
«ታለቅሻለሽ ወይ አይባልም፣ ሲስተር።
ሌሊቱ ከማን ጋር ያልፋል በያት።»

አልኳት።
ደቃ ጣራውን ብዙ አየች።
ከዚያ እንደ ደቻቱ፣ ከርሞ ከርሞ አሸዋ የነበረው
ተራራ ላይ በዘነበ ዝናብ ድንገት እንደሚሞላው፣
መጣ።
እናቷ በድርቁ እንደሞተች፣
መብራቱ ሥር ስትፈልጋት እንዳጣቻት፣
እግሯ ብረቱ ላይ ሲወጣ
ለቢላ የተጋደመች ፍየል እንደመሰለቻት፣ ራሷ ለራሷ፤
ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሕፃኑ ሲያለቅስ
የሰው ልጅ፣ ከማዶ የሚጣራ እንደሚመስላት።
ሂቦ ሁሉንም አልተረጎመችልኝም።
ያልተረጎመችውንም ሰማሁ።

«ሙሩግ» አለች ኢብላ፣ ደረቷን በጣቷ እየነካች።
ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። በኅዳጉ ጻፍኩት፣
ከመድኃኒቱ ስም በላይ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አልተለወጠም፤ ዘበኛው ያው ነው።
ግን ጥግ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ አንድ ፍራሽ አለ፣
አማቶች ከነፔርሙዛቸው ይገባሉ፤
ሜትሮን ትቆጣለች፣ እኔ እሰማለሁ፣ ፍራሹ አይነሳም።

በአርባኛው ቀን ደቃ ልጇን ይዛ ከደጅ ወጣች።
በተሰባበረ አማርኛ፣
«ማርያም የኛም ናት፣ ሲስተር።
ያኔ ፊቴን ያዞርኩት ከመብራቱ ነው።»
ቀጥላም ዓይን ዓይኔን እያየች፣
«አንቺንስ ማን ማረሽ?»

ሳቢያን፣ የኪራይ ክፍል፣ የዛሬ አራት ዓመት፣
በሩ ያልተንኳኳ አርባ ሌሊት…
የሚጠብቀን ባጃጅ ጥሩንባ ነፋ።
«እግዜር ይመስገን» አልኳት።

እሷ ግን ዜሮ አልጻፈችም።