ውሃ ልክ

ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ፣ ሱቄ ከዚራ፣ ከዛፎቹ ጥላ ስር፤
ድሬ እንደ ብረት ስትግል ነው ገበያዬ የሚያምር።
ሰው ቅዝቃዜውን ይዞ ይሄዳል፣
ነጩ ፎም ለእኔ ይተርፋል፤
ያንን ትንፋሽ የሚያበረውን፣ ክንድ የማያደክም ነገር
አቅፌ እገባለሁ ማታ ማታ፤
«ደግሞ ተራራ አመጣህ?» ትላለች መዲና፣ በሩን ከፍታ።

ተራራ ነው፤ እውነቷን ነው። በጋለ ሽቦ ስቆርጠው
እንደ ቅቤ ይሸነሸናል፣ ጭሱ ግን ጉሮሮ ይፍቃል።
(ስለ ሽታው አናውራ፤ ጎረቤት ሁለቴ ከሶኛል።)
ጋዜጣ በኮላ ነክሬ ድርብርብ አለብሰዋለሁ፣
ሲደርቅ የአናጢ ሰጋቱራ ሣር ብዬ እበትንበታለሁ።
ዛፍ እንደሆነ ሞልቷል፤
በርጫ ሲበተን ገራባ ማን ይፈልጋል?
ቅጠሉ ተቅሞ ያለቀ እንጨት፣ ጫፉን ሰፍነግ ሳለብስ
ግራር ሆኖ ይቆማል፣ ጥላው ወንዝ ዳር እስኪደርስ።

ልኩ እንዲህ ነው፤ አንድ ወታደር የትንሿ ጣቴን አንጓ ያክላል፤
በሩም፣ ደረጃውም፣ የመስኮቱም ብረት በእሱ ቁመት ይለካል።
ካርቶን ልብሱ ሲገፈፍ ሆዱ ሙሉ ቆርቆሮ ነው፤
የጥርስ ሳሙና ክዳን ጣራ ላይ ወጥቶ ታንከር ነው።
የልብስ ማስጫ ገመድም አለ፤
የመዲና ክር ነው፣ አልጠየቅኳትም።
ወንዙን ግን ከሌላ ነገር መሥራት አልሆነልኝም።
ላስቲክ ይዤ ደቻቱ ወረድኩ፣
አሸዋውን ዘግኜ መጣሁ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አነጠፍኩ።

ቅዳሜ ሮብሌ ይመጣል፣ ሠራዊቱን በብስኩት ጣሳ ይዞ፤
ፕላስቲክ ነው፣ ከታይዋን ተራ፣ ጠመንጃ በጠመንጃ ተያይዞ።
አይሱዙ ይነዳል፣ የጅጅጋ መስመር፤ እኔ ቤት ሲገባ ጄኔራል ነው።
ዳይሱን በመዳፉ አሽቶ፣ ተንፍሶበት ይጥለዋል፤
ሲሸነፍ ጠረጴዛው ጠማማ ነው።
ቢሰለቸኝ ውሃ ልክ ገዛሁ፤ የግንበኛ፣ ቢጫ፤
አረፋዋ መሐል ቆመች፤ ሮብሌ አጣ ማምለጫ።

ያን ማታ ስልሳ ሰው አሰልፎ በወንዙ ሆድ መጣ፤
«አስፋልት ነው ይሄ!» አለ፣ «ወዲህ ነው የኔ ጣጣ!»
ሕጉም ይፈቅዳል፤ በደረቅ ወንዝ፣ በአንድ ተራ፣ ሁለት ስንዝር።
እየለካ ጎንበስ ሲል፣
መነጽሩን ከአፍንጫው ገፍቶ፣ ወንዝ ዳር ያሉትን ቤቶች ሲያይ
አንድ ቡናማ መስመር አየ፣ ከመስኮቶቹ ዝቅ ብሎ፣
ከግድግዳ ግድግዳ ሳይዛነፍ፣ በሁሉም ላይ እኩል ውሎ።

«ቀለም አንሶህ ነው?»
«አይደለም።»
«በምን አሰመርከው፣ እንዲህ ቀጥ አድርገህ?»
«በውሃ ልክ» አልኩት።

እኔ ቢጫዋን ዕቃ ማለቴ ነበር።
ቬንትሌተሩ ዞረ፣ ዞረ። እሱ ግን ሰማው፤
ደጋ ዘንቦ ቆላ የሚገድለውን፣ ሌሊት የሚመጣውን፣
ደቻቱ መንገድ መሆኑን ረስቶ ወንዝ መሆኑን ያስታወሰበትን።
«የኛ ቤት» አለ፣ «ከማብሪያ ማጥፊያው በላይ ነበር።
እናቴ ሦስቴ ቀለም ቀባችው፤
ሦስቴም ተመልሶ ወጣ።»
ሌላ አልጨመረም።
በሁለት ጣቱ፣ አንድ በአንድ፣ ስልሳውንም ከአሸዋው አንስቶ
ዳር ላይ፣ ከፍታው ላይ ደረደረ፣ ዳይሱን ሳይጥል፣ ተራውን ትቶ።

አሸነፍኩት። ጠረጴዛው ጠማማ ነው አላለም።
ጫማውን አጥልቆ፣ በሩ ላይ፣ ፊቱን ሳያዞር፣
«መስመሩን ዝቅ አድርገኸዋል» አለኝ። «ጨምርበት፤
የአንድ ሰው ቁመት።»

እሁድ ጠዋት ቀጭኗን ብሩሽ አወጣሁ፤
ቢጫዋን ዕቃ ከጣሪያዎቹ አስጠግቼ ያዝኩ፣
አረፋዋ መሐል እስክትቆም ጠበቅኩ።