ከአደይ በኋላ

አደይ መጣች ሄደች፣ እንደ ሠርግ አጃቢ፤
ቄጤማው ጠውልጎ ባዶ ቀረ ግቢ።
ክረምት ያበላሸው፣ ጭቃ የረገጠው፣
ጽጌረዳው እንኳ ሻጋታ የዋጠው፣
የኮቺ ደጃፌ በጥቅምት መባቻ
ዳባ የለበሰ ቅጠል ነበር ብቻ።

ሚያዝያ ላይ ታዲያ አዴ ኩልሱማ
ከአዌቱ ማዶ፣ በላስቲክ ጫማ፣
ጆንያ ይዛ መጣች፤ አራግፋ ስታወጣ
ጣት ጣት የሚያህል ሥር፣ ጭቃ የተቀባ፣ ጎባጣ።
«ምንድን ነው?» ሳልላት ሽብሩ ካጠገቤ፦
«ስኳር ድንች!» አለ፤ «ቀቅዪው፣ ገድሎኛል ረሃቤ።»
ሳቀች። «ዳሊያ ነው» አለች፤ «ይሄኛው ሴት አኩሪ፤
መጀመሪያ ያስቀይምሻል፤ ግን አትማረሪ።
ዐይኑን ወደ ላይ አርገሽ፣ ክንድ ያህል አራርቀሽ፣
ውሃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ አድርገሽ
ቅበሪው። ጉልበትሽ ሲደርስ ጫፉን ቀንጥሺው።
ከዚያ በኋላ እርሺው።»

መርሳትን ማን አስተምሮኝ?
ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት ስተይብ ስተይብ ኖሬ፣
ቀጠሮ መቁጠር ነው ሙያዬ፤ ሌላ አላውቅም እስከ ዛሬ።

ሰኔ፤ ቅጠል። ሐምሌ፤ ቅጠል።
ቁመቱ ከእኔ በልጦ ከአጥሩ ጋር ሲስተካከል
አንድ እምቡጥ የለም።
«ጎመን ነው?» ይላል አላፊው፤ አንገቴን ደፍቼ፦ «አይደለም።»

አንድ ማታ ትዕግሥቴ አለቀ፤
ማንም ሳያየኝ፣ በሾርባ ማንኪያ፣ እጄ ከሥሩ ዘለቀ።
ቀጭ አለ።
እንደ ጠፋ መዝገብ ዝም አልኩ፣ አፈሩን መልሼ ቀበርኩት፤
ለሽብሩ እንኳ አልነገርኩት።

ነሐሴ ላይ ጃርት ከጅሬን ወርዶ ሁለት ጉድጓድ ማሰ፤
አንድ እሾህ፣ እንደ ደረሰኝ፣ ጥሎልኝ ተመለሰ።
ሽብሩ ምንም ሳይል ለተረፈው ቀርከሃ ተከለለት፤
የተቀደደ ነጠላዬን ጥለት ገመድ አርጎ አሰረለት፤
«ስኳር ድንቼ እንዳይወድቅ» አለ።

መስከረም ጠባ። አደይ ሜዳውን ሞላች፤ አደይን ማን ይከሳል?
ሁሉም ዘፈነላት፤ የእኔው ዝም ብሏል፣ ቅጠሉን ያወዛውዛል።
ከዚያ እንደ ልማዷ፣ ሳትሰናበት፣ ሄደች።
ግቢዬም እንዳምናው አመድ ልትመስል ከጀለች።

ጥቅምት ዐሥራ አራት፣
አንድ አጥንት የሚያስመኝ ብርድ ባደረ ማግስት፣
በሩን ስከፍት
አንዱ ተፈትቷል። ቀለሙ የበለዘ ወይን፣
እጥፍ እጥፉ ብዙ፣ ያልተላከ ደብዳቤ መሳይ ለዐይን።
በሳምንቱ ሴት አኩሪው ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ፤
ብርቱካን ምላሱን አውጥቶ በመንገደኛው ላይ አሾፈ፣ ሳይገባኝ እኔም ሳቅሁ አብሬ።
ባጃጅ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ፎቶ አነሣ።
አደይ ከሄደች ሥራ የፈቱት ንቦች
ተሰልፈው ገቡ፣ እንደ ቀን ሠራተኞች።

«ለአንቺ ዕድሜ ምሳሌ ነው» ይሉኛል፤ ጡረታዬን አይተው።
አበባ ነው እላለሁ። በጥቅምት ግቢ ውስጥ ያለ ቀይ ነው።

አዴ ኩልሱማ ጉልበቷ ታሞ አዌቱን መሻገር ትታለች፤
ሦስት ቆርጬ በጣሳ ይዤ ሄድኩ። አገላብጣ አየች፣
ስለ ውበቱ አንድም ቃል አልተነፈሰች፤
«ቆፍረሽ አየሽው፣ አይደል?» አለች።
ዐይኔ መሬት ወረደ።
«እኔም» አለች፣ «የመጀመሪያው ዓመት። በቢላ።»

ዘንድሮ ሥሩ በዝቶ ከፍዬ ለሰፈሩ አደልኩ፤
እንዴት እንደሚቀበር ለእያንዳንዱ ነገርኩ።
ሽብሩ ግን እስከ በር ይሸኛቸዋል፣ ጆንያቸውን ይዞ፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ምስጢር፦
«አትቀቅሉት።»