ብላታ

በጎዞ ደሴት ላይ፣ በሳን ላውረንዝ መንደር፣
ዊስቲን ድንጋይ ፈልጦ አርባ ዓመት ሲኖር፣
ሰኞ ማለዳ ነው፣ ከወንድሙ ጋራ
ካባው ውስጥ ወረደ፣ እንደ ወትሮው ሥራ።

ግድግዳው ላይ ስንጥቅ፣ ቀጭን ፀጉር መሳይ፣
ትናንት ያልነበረ፣ ዛሬም የማይታይ።
ድምፅ አልነበረውም። ብቻ አቧራ ወጣ፣
ማር የመሰለ ጉም እስከ አፋፉ መጣ፤
ሲጠራ፣ ናርዱ የለም። ቆቡ ብቻ ቀረ፣
ከነላቡ ሙቀት፤ ውሻው ያንን ዞረ።

ረቡዕ ቀብር ሆነ። ዱን ጊርጎር ቆሙና፣
የጸሎቱን ገጽ ገለጥ አደረጉና፣
«ጌታ፣ ብላታዬ» አሉ በማልታ ልሳን፤
ዓለቴ ማለት ነው፣ የጸና መሸሸጊያችን።

እዚህ ላይ ላቋርጥ፤ አንባቢ ይታገሠኝ፤
ይህ ቃል ከእኛ ጆሮ ሲደርስ ግር አሰኘኝ።
ብላታ በኛ ቤት ማዕረግ ነው፣ ክብር፣
ካባ ደርቦ ወጥቶ ከንጉሥ ሲማከር።
በነሱ ብላታ ዓለት ነው፣ ድንጋይ፣
ከካባ የሚወጣ፣ በላብ፣ በፀሐይ።
የኛው ካባ ለባሽ፣ የነሱ ካባ አዳሪ፤
ሰሙ የቱ ይሆን? ወርቁንስ ማን ቆፋሪ?

ዊስቲን ግን ተነሣ ከፊተኛው ወንበር፣
ጥፍሩ ሥር ያ አቧራ ገና እንዳለ ነበር፤
«ዱን ጊርጎር» አላቸው፣ «ሌላ ስም ይፈልጉ፤
እረኛም ይበሉት፣ አባትም ያድርጉ።
እኔ ግን ዓለትን ከሥሩ አውቀዋለሁ፣
ሲሰነጠቅ አይቼ፣ ሲወድቅ ሰምቻለሁ።
ያ የድዌይራው ቅስት፣ የባሕሩ መስኮት፣
አይወድቅም ስንለው፣ ማዕበል ወስዶት ሄደ አንድ ጠዋት።
ዓለት ይወድቃል፣ ዱን። ዓለት ሰው ይገድላል።
በወንድሜ ገዳይ ስም አምላክ ይጠራል?»

ዱን ጊርጎር ዝም አሉ። መልስ አጥተው ይሁን፣
ወይ አክብረውት ይሁን፣ አላውቅም ይህንን።
ጣታቸው ግን ቃሉን እንደያዘ ቀረ፣
ጎን ያለው ጧፍ ደግሞ ቀልጦ እያጠረ።

ሳምንት አለፈና የናርዱ ሚስት ቸታ
መጣች ከዊስቲን ደጅ፣ ፀሐይ ስትገባ ማታ።
«ለመቃብሩ» አለች «ድንጋይ ትቆርጣለህ።»
«ከዚያ?» አላት። «ከዚያው። ሌላ ካባ የት አለህ?
የልጆቼ ግድግዳ ከየት ወጣ? ከዚያ።
የእናትህ የውኃ ጉድጓድ የተፈለጠው? ከዚያ።»
እሱም አልመለሰ። በነጋታው ወረደ፣
መጋዙን አንሥቶ ያንኑ ግድግዳ አረደ።

የዚያ አገር ድንጋይ፣
ሲቆረጥ ለስላሳ ነው፣ ይጫራል በጥፍር፣
ነፋስ ሲያገኘው ነው ቀስ ብሎ የሚጠነክር።
የተቆረጠው ፊቱ ቆዳ ያወጣል፣
ልክ እንደ ቁስል ጠባሳ፤ ዝናብ ይመክታል።

በመጋዙ መንገድ፣ ሐሙስ ከቀትር በፊት፣
መዳፍ የምታህል የባሕር ቅርፊት
ከድንጋዩ ልብ ውስጥ ብቅ አለች፣ አንዲት።
የሞተች፣ ከሰው ልጅ ሁሉ በፊት የሞተች፣
መስመሯ ሳይጠፋ በእቅፉ የተኛች።

ዊስቲን መጋዙን አቆመ። ተቀመጠ።
ምን እንዳሰበ ለማንም አልገለጠ።
እኔ ነኝ የምለው፣
ዓለት ማለት ምናልባት የማይሰነጠቅ ሳይሆን፣
የሰመጠውን ሁሉ የሚይዝ ይሆን?
ቆርጠውት ቤት የሆነ፣ ወግተውት ምንጭ የሆነ፣
ሙታኑን አቅፎ በአደራ የታመነ?

ቅርፊቷን አልነካም። ዙሪያዋን ቆረጣት፣
ከናርዱ ስም በላይ እንዳለች አቆማት፤
ቸታም በጣቷ ጫፍ መስመሯን ዳበሰቻት።

እሑድ በቅዳሴ ዱን ጊርጎር ያንን ስም
ሊዘሉት ፈለጉ፤ ገጹን ቢያገላብጡም፣
ከኋላ ወንበር አቧራ የዘጋው ጉሮሮ ተሰማ፣
«ብላታ» አለ አንዴ፣ ከዚያ ጨለማው ጋ፣ ከዚያ ማማ ግርማ፣
ከዚያም ዝም።
ታርቆት ነው? አይመስለኝም፤ ቂም አለ በድምፁ፣ ገና ያልጠራው፤
ግን ሌላ ስም ሳይፈልግ በማዕረጉ ጠራው።