አትከተላቸው

ደብረ ብርሃን፣ ማታ፤ ውርጭ መስኮት ሲልስ፣
ከማስረሻ ጌም ቤት፣ በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ፣
አርባ እግረኛ አቆምኩ፣ ጋሻ ለጋሻ አጋጥሜ፣
ወርቅ ሳስቆፍር አምሽቼ፣ እህል ሳሳጭድ ከርሜ።

መጡ ባለፈረሶቹ፤ ቀስታቸው እንደ በረዶ
ወረደ በግራ ክንፌ፣ ሰልፌን እንደ ካብ ንዶ።
«በለው!» አልኩ። እግረኛው ሮጠ፣ ምስኪን፣ ሮጠ፤
ፈረሱ ዞር አለና እየሳቀ አመለጠ።
ሲሸሽም ይወጋል፣ ወገቡን አዙሮ፤
ሠላሳ ቀረኝ። ሃያ። አሥራ ሰባት። ዜሮ

ሊሆን ሲል፣ አቶ ሸዋረጋ፣ የባንኩ ዘበኛ፣
እጁን ሊያሞቅ የገባው፣ «አንተ» አለኝ፣ «ሞኝ እግረኛ!
ፈረስ በእግር አይባረርም፤ የእግረኛ ሀብቱ መቆም ነው።
እኛ መንዝ የበረገገች በቅሎ ስንይዝ፣ ማን ሮጦ ያውቃል?
ሦስት ሆነን ቀስ እያልን እንጠጋታለን፤
አራተኛው ሰው ገደሉ ነው።»

ካርታውን አየሁት። ወንዙ ታጥፎ ገደሉን የሚነካበት
አንዲት ጥግ ነበረች፣ እስካሁን ያላየኋት።
ጋሻዎቹን በግማሽ ጨረቃ፣ ቀስተኞቼን ከኋላ፣
እርምጃ በእርምጃ፤ ማንም እንዳይቀድም፣ ማንም እንዳይላላ።
ተመላለሱ፣ ተወራጩ፤ መዞሪያው ሜዳ ጠበበ፤
የቀስታቸው ዝናብ አባራ፣ ፈረስ በፈረስ ተደራረበ።

አንድ ብቻ ቀረ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ።
«በቅሎዋስ?» አልኩት ዞሬ፣ «ተያዘች ወይ?»

ኮቱን ቆለፈ።
«የለም» አለ፣ «አራተኛውን ሰው መረጠች።»

ወጣ ወደ ውርጩ።
ጣቴ ማውሱ ላይ ቀረ። ፈረሱ መሬት ይጭራል።
ማስረሻ ከወዲያ፦ «ሰዓትህ አልቋል፤ ትከፍላለህ ወይስ ይጨመራል?»