«አንድ ናቸው ወይ?»

ጣርማ በር ጉም ሲለብስ ኔትወርኩ ይጠፋል፣
ስክሪኑም እንደ ሰው ዐይኑን ከድኖ ያንቀላፋል።
ደብረ ሲና ጤና ጣቢያ፣ ከካርድ ክፍሉ ጥግ ላይ፣
ሦስት መዝገብ ዘርግቼ ስም ከስም ሳስተያይ፣
አንድ መደርደሪያ ላይ ዓመታት ሲኖሩ፣
እንደተኳረፈ ጎረቤት አንድም ቀን ሳይነጋገሩ።

የክትባቱ መዝገብ፣ «ብርቄ ጌጤነህ፤
ኩፍኝ፣ አንደኛ ዙር፣ በሚያዝያ» ይላል፤
የወባው፣ ሸዋ ሮቢት ለማሽላ አጨዳ ወርደው ሳለ፣
በክርስትና ስሟ «ወለተ ሥላሴ» ብሏታል፤
የምግቡ ስም የለውም።
«የአሰገደች ልጅ» ነው፤ የክንዷ ልክ ቢጫ፣
በእርሳስ የተጻፈ፣ ሊጠፋ የቀረው ጥቂት ብቻ።

አንድ እናት፣ አንድ ቤት፣ አንድ የልደት ቀን።
አዲሱ ማሽን ጠየቀኝ፦ «አንድ ናቸው ወይ?»
«አዎ» የሚለው አረንጓዴ፣ «አይደሉም» የሚለው ግራጫ።
ጣቴ አረንጓዴው ላይ አረፈ።
እውነቱን ልናገር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነበር፣
ዳቦም መግዛት ነበረብኝ፣ ባጃጅ ሳይጠፋ ከሰፈር።

ብቻ ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ ለትርንጎ ደወልኩ።
ወፍ ዋሻ ግርጌ ናት፤ ስልክ የሚይዘው ከአንድ ቋጥኝ ላይ ነው፣
ነፋሱ ድምጿን እየቆራረሰ ነው የሚያመጣው፦

«ብርቄና ወለተ ሥላሴ አንድ ናቸው፣ አጣምራቸው፤
ያቺኛዋን ግን እንዳትነካ! መንታ ናቸው።
እናቲቱ ያን ዳገት ሁለት አዝላ አትችል፤
ወደ ታች ይዛት የምትወርደው ብርቄን ነው፣ ጠንከር ያለችዋን።
ደቃቃዋ ቤት ትቀራለች። ክንዷን የለካሁት እኔ ነኝ፣
ከመደብ ላይ፣ እንደተኛች።»

እጄን አነሳሁ።
በአንዲት ንክኪ የእህቷን መርፌ
በወረቀት ልወጋት ነበር።
ኩፍኝ ደግሞ መዝገብ አያነብም።

«ስሟስ ማነው?» አልኳት።
ነፋስ። ነፋስ። ከዚያ፣ «ማለፊያ።
እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።»

ግራጫውን ነካሁት።
ነገ ኃላፊያችን ይቆጣል፤ መዝገቦቹን ማጣመር ከጀመርን
ከመቶ ዘጠና ስምንት ወደ ሰማንያ አንድ ወርደናል፣
ግድግዳው ላይ ያለው ግራፍ ሊቀደድ ነው።
ይቀደዳ።
ሐሙስ ትርንጎ የክትባት ሣጥኗን በትከሻዋ አንግታ
ያን ዳገት ትወጣለች፤ ሌላውን እዚያ ያገናኘን።

«ማለፊያ ጌጤነህ» ብዬ ጻፍኩ።
ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ ቆመች፣ ደግሞ ዞረች፤
ጉሙ መስኮቱን ሞላው። የመጨረሻው ባጃጅ ሄደ፣
ዳቦ ቤቱም ዘጋ፤
ተቀምጬ ጠበቅሁ
ስሟ እስኪገባ።