ትርፍ ጨርቅ

ሃያ ሦስት ዓመት የሰው ወገብ ለካሁ፤
የራሴን ወገብ ግን እያወቅሁ ረሳሁ።
ሂርማታ ገበያ፣ ከሲንጀሬ ኋላ፣
ቁጭ ብዬ ስሰፋ፣ ቁጭ ብዬ ስበላ፣
ቀበቶዬ አንድ ቀን ቀዳዳ ጨረሰ፤
በሚስማር ብበሳው ቆዳው ተበጠሰ።

አጂፕ ጋ ሚዛኑን የዘረጋው ልጅ
«ዘጠና አራት!» አለ፤ ሰማው ሁሉም ደጅ።
ሁለት ብር ከፈልኩት የሚዛኑን ዋጋ፣
ሃፍረት መረቀልኝ እዚያው አስፋልት ዳር ጋ።

ነዚፍ ጎማ ጠጋኙ ከሱቄ ጀርባ ነው፤
ጂም የሚለው ነገር ሲሚንቶ የሞላው
ሁለት የዘይት ጣሳ፣ ቧንቧ ያጋጠመው።
«ሩጫማ ላም ለጠፋው» ይላል እየሳቀ፤
«ብረት ነው፣ ሚስባህ፣ ስብን ያደቀቀ!»
«ልብስ?» ብዬ ጠየቅኩት፤ ጨርቅ መሰለው ለካ፤
«ልብ፣ ልብ!» አልኩና ደረቴን ብነካ፣
«የእኔማ» አለ ነዚፍ፣ «ሩጫ መች አጥታ፤
የቤት ኪራይ ሲደርስ ትሮጣለች ማታ።»

እኔ ግን ሮጥኩኝ፣ በጎህ፣ ወደ ጅሬን፣
ዳገቱ ሳንባዬን፣ ጭቃው ጫማዬን
እየወሰደብኝ።
ውሻ አጀበኝ፤ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋ፤
ላቤ ከጂማ ዝናብ ተቀላቅሎ ጠፋ።
ስመለስ ግን፣ አቤት፣ ሆዴ ሲያገሳ!
በማር በቅቤ የራሰ አንድ ትሪ ጨጨብሳ፣
ሻዩም በአራት ማንኪያ፤ «ሮጬ የለ?» እያልኩ፣
ዳገት የወሰደውን በሳህን አስመለስኩ።

ወሩ ሲያልቅ ተያይዘን ሚዛኑ ላይ ወጣን፤
እኔ አንድ ኪሎ ቀነስኩ፤ ከእሱ ምንም አጣን።
ሳቅኩበት እስኪበቃኝ።
ሱሪውን በፌስታል በማግስቱ አመጣ፤
«አጥብበው» አለኝ፣ «ገበያ መሃል ራቁቴን ሳልወጣ።»
ለካሁት። አራት ሴንቲ ጠፍቷል ከወገቡ፤
ስፍራውን ለጡንቻ ለቆ ወጥቷል ስቡ።
ሚዛን በጅምላ ነው፤ ሜትር ነው ቸርቻሪ፣
የወገብን ጉዳይ አንድ በአንድ ነጋሪ።

«ብረቱ ነው በቃ?» አልኩት ተሸንፌ።
አንገቱን አከከ።
«ብረቱም ብረት ነው...» አለ ፈራ ተባ፣
«ዘምዘም ጭኮውን ቆልፋ፣ ቁልፉ ወዴት እንደገባ
ወር ሙሉ ፈልጌ አጣሁት።»

ብረቱንም ጀመርኩ፤ ክንዴ እየራደብኝ
አንድ ቀን ሙሉ መርፌው ክር እምቢ አለኝ።
ጅሬንንም አልተውኩ፣ በሳምንት ሁለቴ፤
ከሁሉ ያቃተኝ ማንሳት ግን፣ ልናገር በእውነቴ፣
ከሻይ ብርጭቆዬ ሦስት ማንኪያ ስኳር ነበር።

ዛሬ የራሴን ሱሪ ከወገቡ አጠበብኩ።
ሁለት ጣት ተረፈ። መቀሱን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ።
ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፌ፣ ላላ አድርጌ ሰፋሁ፤
እሁድ ሰርግ አለብን፤ ቅቤውን አውቃለሁ፣
ራሴንም አውቃለሁ።