ጀርባውን የሰጠው አጋዘን

ከሐዋሳ ሐይቅ ማዶ፣ አዲስ ሆቴል ሲሠራ፣
አቶ ቃሚሶ ጠሩኝ፣ ለግድግዳው ሥራ።
«አጋዘን ሣልልኝ» አሉ፣ «ደረቱን የነፋ፣
እንግዳ ሲገባ የሚያይ፣ ቀንዱ ከበር የሰፋ።»

እኔ አጋዘን የማውቀው፣ በዐሥር ሳንቲም ጀርባ፣
ልጅ ሆኜ፣ ለከረሜላ፣ በላብ መዳፌ ሲገባ።
ያንኑ አሳድጌ፣ በከሰል ነደፍኩት፤
ወደ ኋላ ቆሜ፣ ደህና ነው አልኩት።

የሌሊቱ ዘበኛ፣ ጋሽ በሪሶ መጡ፣
ባትሪ አበሩበትና፣ ዝም ብለው ተቀመጡ።
«ፍየል ነው ይሄ፣ ልጄ፤ እሱም የታመመ።»
ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆኖ አከተመ።

ዲንሾ ላይ ሃያ ሦስት ዓመት፣ ጥበቃ ነበሩ፣
ኮቴ ሲቆጥሩ የኖሩ፣ በውርጭ እየዞሩ።

«ቀንዱን እንደ በሬ አትዘርጋው፤ ይጠምዘዝ እንደ ጭስ፣
አንዴ ወደ ውጭ ይከፈት፣ ከዚያ ወደ ላይ ይመለስ፤
ጫፉን ነጣ አድርገው፣ የተላጠ ሸንኮራ እስኪመስል ድረስ።
ሴቷ ቀንድ የላትም፤ ጆሮ ብቻ ናት፣ ሰፊ፣
የሩቅ ኮሽታ ለቅማ፣ ለመንጋው አሳላፊ።
ከዐይኖቹ መሐል ነጭ መስመር አለ፣
ክንፉን የዘረጋ ወፍ የመሰለ።
ጎኑ ላይ ነጠብጣብ፣ እንደ ጣት አሻራ፤
በቀኙ ያለው አይገጥምም፣ ካለው በስተግራ።

ደግሞ ባዶ ሜዳ ላይ ማን አቆመው? ተው፣ አይወድም፤
አስታ መሐል ካልሆነ፣ ቀን ቀን አይንቀሳቀስም።
ኮሶ ጨምር፣ ጭቁኝ። ሣሩ በውርጭ ሲሰበር፣
ሌሊት ከሰው ማሳ፣ ገብስ ሊቀምስ ሲሻገር፣
እሱን አይደለም የምታየው፤ ትንፋሹን፤
ጎህ ሲቀድ ደግሞ፣ የተረገጠ የገብስ ራሱን።»

«ፊቱንስ?» አልኳቸው።
ባትሪዋን አጠፉ።
ጉማሬ ሲያጓራ ሰማን፤ ደቂቃዎች አለፉ።

«እኔ ያን ሁሉ ዓመት ያየሁት፣ ሲሄድ ነው።
አንዴ እንደ ውሻ ይጮሃል፣ ድንጋጤ ሲይዘው፤
ከዚያ የጅራቱን ነጭ፣ አስታው ይከድነዋል።
እኔን ካየ ይሄዳል። ደግ አደረገ። መሄድ ያውቃል።»

ደምስሼ ጀመርኩት። ግድግዳው ሙሉ አስታ፤
ብቅ ያለ ቀንድ፣ ጀርባ፣ ጉም፣ ጸጥታ።
አቶ ቃሚሶ አዩና፦ «እንግዳ እንዲህ ይቀበላል?
ቂጡን ለሰው ሰጥቶ? ግማሹ ሂሳብ ይቀነሳል!»

ተቀነሰ። በቀረው የቀለም ዕዳ ከፈልኩ።

ትናንት በባጃጅ ሳልፍ፣ ወደ በሩ ዞር አልኩ፤
ጋሽ በሪሶ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣
ጀርባቸው ለመንገዱ፣ ፊታቸው ለእሱ ነው፤
በከንፈራቸው ይቆጥራሉ፣
«አንድ» ብለው ዝም ይላሉ።